ይድረስ ለግድግዳችን ጌታ፣ ለቲቪያችን ለአያ 55 ኢንች

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ተሸንፌ ከማለቄ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በባጃጅ ወደ ቤት ሲመጡ ያስታውሱ ይሆናል። ካርቶንዎ ወንበሩን ስለሞላው እኔ ግማሽ ጎኔ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ እንደ ሙሽራ ደግፌ ነው ያመጣሁዎት። ሱቁ ውስጥ ከጎንዎ ባለ 27 ኢንች ሞኒተር ነበረ። ታላቅ ወንድሜ አየት አድርጎት "ይሄማ የኮምፒውተር ነው፤ በዚህ ብር መስኮት ልግዛ?" ብሎ ሳቀ። እኔም አጅቤው ሳቅሁ።

ይኸውና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ፊፋ የሚባለውን የኳስ ጌም እንጫወታለን። ጎል ፊት ደርሼ እመታለሁ። እርስዎ ግን መጀመሪያ ምስሉን ያጠራሉ፣ ቀለሙን ያስውባሉ፣ በሁለት ምስል መሀል ሌላ ፈጥረው ይሸጉጣሉ፣ ከዚያ ዋርካ ሥር እንደተቀመጠ ሽማግሌ ተማክረው ሲያበቁ "በሉ ይምታ" ይላሉ። ያኔ ተከላካዩ ኳሷን ይዞ ሄዷል። 100 ሚሊ ሰከንድ ብትዘገይ ለድራማ ምንም አይደለም፤ ለኳስ ግን ስድስት ምስል አለፈ ማለት ነው። ለሁለታችሁም እኩል ነው እንዳይሉኝ! ታናሽ ወንድሜ አመልዎን ለምዶ ቀድሞ ይመታል። እኔ ደግሞ እጄን የፈታሁት ፕሌስቴሽን ቤት፣ በዚያ ጀርባው በወጣ አሮጌ ቲቪ ነው። መልኩ ቢያስጠላም ሲነኩት ወዲያው ነበር የሚመልሰው።

ለሦስት ወር ከተቀጣሁ በኋላ ሜኑዎ ውስጥ "ጌም ሞድ" የሚባል ነገር ተገኘ። ያንን ውበት ሁሉ አጥፍቶ ምስሉን ቶሎ ይለቀዋል። ታናሼ ለካ ያውቅ ነበር። "መች ጠየቅኸኝ?" አለኝ።

ደግሞ የካርቶንዎ ነገር አለ። 120 ብሎ በትልቁ ይጽፋል። ዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ተወልጄ ሰምና ወርቁን ሳልለይ ገዛሁ። ሰሙ 120፣ ወርቁ 60! ቁጥሩ ለማስታወቂያ የተነፋ እንጂ ስክሪንዎ በሰከንድ ከ60 ምስል አያልፍም። ፕሌስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ፎር ኬ በሚባለው ጥርት ያለ ምስል በሰከንድ እስከ 120 እንዲሰጥ ተደርጎ ነው፤ ለዚያ የሚሆነው ኤችዲኤምአይ 2.1 የሚባለው የገመድ መሰኪያ ግን እርስዎ ጋ የለም። ለኳስ 60 አይጠብም፤ ያንገበገበኝ ቅኔው ነው።

ሞኒተሩም መልአክ አልነበረም። ብዙዎቹ ድምፃቸው እንደ ትንኝ ነው፣ ዲሽ ከነሪሲቨሩ ካልመጣ አያውቁም፣ ሦስት ሰው ሶፋ ላይ ሆኖ 27 ኢንች ሲያይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ይጋጫል። ብቻዬን ጠረጴዛ ላይ ብሆን ግን እሱ ይሻለኝ ነበር። ሁለታችሁም ፎር ኬ ብትሆኑ እንኳ ነጥቡ ያው 3840 በ2160 ነው፤ እርስዎ በአንድ ኢንች 80 ነጥብ አሳስተው ሲዘሩ እሱ 163 ይጠቀጥቃል። ከቅርብ ሳይዎት የበረኛው ፊት ፈንድሻ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከ40 ኢንች በላይ የሆነ የጌም ሞኒተርም አለ። ዋጋውን ሰምቼ የአባቴን በሬዎች በዓይኔ ቆጠርኩ።

ትናንት 89ኛው ደቂቃ ላይ፣ ጌም ሞድ በርቶ፣ ብቻዬን ከበረኛው ጋር ተገናኘሁ። እማዬ ከጓዳ ወጥታ "ራት ቀርቧል" ብላ ሪሞቱን ተጫነች። አያ 55፣ ለእሷማ ድርግም ለማለት ቅንጣት አልዘገዩም።