ቤቱ ተሸጠ፤ ኪራዩስ?

በአዲስ አበባ ዳር ዳር ባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ተከራይ ሲገናኝ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ነው። ቦሌ አራብሳ ሂዱ፣ የካ አባዶ ሂዱ፣ ቱሉ ዲምቱ ሂዱ። «ቤቱ ተሸጠ፣ አዲሱ ባለቤት ኪራይ ጨመረ» ይሏችኋል። ጭማሪውም እንደ ድሮው አምስት መቶ ወይም አንድ ሺህ ብር አይደለም። እጥፍ የተጠየቁ አሉ።

ነገሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። በእነዚህ ሰፈሮች ያሉ ብዙ ቤቶች ያንን ጊዜ አልፈዋል። ባለዕጣው ቤቱን አከራይቶ፣ በኪራዩ የባንክ ዕዳውን እየከፈለ ቆየ። ገደቡ ሲያበቃ ሸጠው። የገዛው ሰው ደግሞ ቤቱን ያገኘው በዛሬ ዋጋ ነው። ተበድሮም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካወጣው ገንዘብ ጋር የሚመጣጠን ኪራይ ይፈልጋል።

ፍላጎቱ ይገባኛል። ግን ቤቱን ሲያይ ሰው እንዳለበት አይቷል። ምጣዱን፣ የተሰጣውን ልብስ፣ በረንዳ ላይ የተደረደረውን ጄሪካን አይቷል። ስንት እንደሚከራይም ደላላው ነግሮታል። ይህን ሁሉ እያወቀ ከገዛ በኋላ ዕዳውን ተከራዩ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል? የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከጸደቀ ቆይቷል። የምክር ቤት አባላት ያጸደቁት በመጋቢት 2016 ነው። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም። ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያሳውቀው መጠን። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል።

የባለቤት መቀየር ግን በሩን ገርበብ ያደርገዋል። ቤቱ በሽያጭ፣ በውርስ ወይም በዕዳ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ውሉን በማስጠንቀቂያ ማቋረጥ ይቻላል። ማስጠንቀቂያው ግን በወራት እንጂ በቀናት የሚቆጠር አይደለም። ደግሞም ማስጠንቀቂያ መስጠት ሌላ፣ ዋጋ መቆለል ሌላ። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እጥፍ ክፈሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሕጉ አያውቅም። ጊዜው እስኪያልቅ ተከራዩ መክፈል ያለበት ያንኑ በውሉ ላይ የተጻፈውን ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ በመጀመሪያው ቀን ይደነግጣል፣ በሁለተኛው ቀን ደላላ ፍለጋ ይወጣል።

ጎረቤቴ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ልጆች ያሏት ሴት ናት። እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። የምትኖረው ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው፣ 8,000 ብር ትከፍላለች። አዲሱ ባለቤት ከደላላው ጋር መጣ። ቧንቧውን ከፍቶ አየ፣ ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቀ። ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ «ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ 15,000 ነው» አላት። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ውል አለኝ» አለችው። «እህቴ፣ ውልሽ ከሸጠልኝ ሰውዬ ጋር ነው፣ ከእኔ ጋር ምንም ውል የለሽም» አላት።

ይህ አባባል ነው ብዙ ሰው የሚያስወጣው። ሲሰሙት እውነት ይመስላላ! እሷ ግን ውሉን ይዛ ወረዳ ሄደች። ውሉ ተመዝግቦ ነበር። የቀረው ጊዜም ከአንድ ዓመት በላይ ነው። ከዚያ ሰውየው ሌላ ዘዴ አመጣ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን አልሰጥም አለ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ወሩ ሲያልፍ «አልከፈለችም» ለማለት ነው። እሷም ሒሳብ ቁጥር እንዲልክላት በስልክ መልእክት ጠየቀችው። መልእክቱን አላጠፋችውም። ገንዘቡንም ለብቻው አስቀመጠች። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ፣ በውሉ ዋጋ እንድትቀጥል ተስማሙ። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ሽማግሌውም የሚይዘው ነገር አልነበረውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁሉም ሰው ግን እንደሷ አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ትልቁ ቁስል ያለው እዚህ ነው። በብዙ ቤቶች ሁለት ዋጋ አለ። ወረቀቱ ላይ 4,000 ይጻፋል፣ በእጅ ደግሞ ሌላ 5,000 ይከፈላል። አከራዩ ይህን የሚያደርገው የኪራይ ገቢ ግብር ሽሽት ነው። ተከራዩም «ቤት ካገኘሁ ምን አገባኝ» ብሎ ይፈርማል። ሁለቱ እስከተግባቡ ድረስ ችግር የለም። ቤቱ ሲሸጥ ግን ጉዱ ይፈላል። አዲሱ ባለቤት «ይሄ ለግብር የተጻፈ ነው» ይላል። ተከራዩ ደግሞ ወረቀቱን ይዞ ወረዳ ለመሄድ ይፈራል፣ እሱም ፈርሞበታላ። በእጅ የከፈለው ደግሞ ደረሰኝ የለው፣ ምስክር የለው። እንዲህ ያለ ውል ተከራዩን የሚጠብቀው ይመስላል እንጂ አይጠብቀውም። አከራይ ሁለት ዋጋ ሲያቀርብላችሁ እምቢ በሉ። ቤት ማግኘት መከራ መሆኑ አይጠፋኝም። ግን በኋላ የሚመጣው ይብሳል።

ጭማሪው የሚመጣበትን ጊዜም ልብ በሉ። ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ልጆች ሊመዘገቡ ሲሉ ነው። አከራዩም ደላላውም ልጅ ያለው ሰው ያኔ እንደማይንቀሳቀስ ያውቃሉ። ከአራብሳ ተነስቶ ሌላ ሰፈር መግባት ማለት የልጅ ትምህርት ቤት መቀየር ማለት ነው። የኢሱዙ ኪራይ፣ የደላላ፣ የቅድሚያ ክፍያም አለ። ለሥራ የሚሳፈሩበት ታክሲም ይጨምራል። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ደምሮ ሲያየው፣ ጭማሪውን ተቀብሎ ከቀለቡ ይቀንሳል። አንዳንዱ ደግሞ ኪራይ ይቀንሳል ብሎ ወሰኑን ተሻግሮ ለገጣፎ ወይም ሰበታ ይገባል። እዚያ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቅ። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነው።

አሁን እንዲህ ያለ ጭማሪ የተጠየቃችሁ ካላችሁ፣ አትቸኩሉ። በቃል «እሺ» አትበሉ። ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲያደርገው ጠይቁት። ውላችሁ መመዝገቡን ወረዳ ሄዳችሁ አረጋግጡ። የከፈላችሁበትን የባንክ ደረሰኝ ሁሉ ሰብስቡ። በውሉ የተጻፈውን ኪራይ በቀኑ ክፈሉ፤ አንድ ቀን እንኳ አታሳልፉ። ውሉ ካልተመዘገበ ደግሞ ቀድሞ የማስመዝገብ ጥያቄ ማንሳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ከአዲሱ ባለቤት ጋር መነጋገርም ነውር አይደለም። ግን ስትነጋገሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ።

ከተማ አስተዳደሩን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሻጭና ገዢ ስም ለማዛወር የመንግሥት ቢሮ ደጃፍ መርገጣቸው አይቀርም። እዚያው ላይ ቤቱ የተመዘገበ የኪራይ ውል እንዳለው ይታይ። ካለው፣ ገዢው አንብቦ ይፈርምበት። ተከራዩም ቤቱ መሸጡን ከደላላ ሳይሆን ከወረዳው በደብዳቤ ይወቅ። የኪራይ ውሎቹን የመዘገቡት ወረዳዎቹ ራሳቸው ስለሆኑ መረጃው እጃቸው ላይ ነው። ሥራው በሚቀጥለው የቤት ዝውውር ፋይል ሊጀመር ይችላል።