ከጽሑፉ ወይስ ከመድረኩ? የወሎ ተማሪና ተውኔት

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «በደሴና በኮምቦልቻ ለሚማሩ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የተውኔት አድናቆት ትምህርት ሲሰጥ፣ ቴአትር ከማየታቸው በፊት ጽሑፉን ማንበብ አለባቸው።» ደጋፊዋ የሥነ ጽሑፍ መምህርት፣ ተቃዋሚው የመድረክ አዘጋጅ ናቸው።

ደጋፊ

ጽሑፉን ሳያነብ ቴአትር ያየ ተማሪ ምን ይዞ እንደሚመለስ ሪፖርት ያረመ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። «ጥሩ ነበር፤ ተዋናዩ ጎበዝ ነው፤ መጨረሻው ያሳዝናል።» ከዚያ ሦስት ገጽ ሙሉ ታሪኩን ይተርካል። ስንፍና አይደለም። ደራሲው የጻፈው፣ አዘጋጁ የጨመረው፣ ተዋናዩ በዚያች ምሽት ያደረገው ተደባልቆ ስለደረሰው የትኛውን ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። ማድነቅ ደግሞ ማን ምን እንደሠራ ከመለየት ይጀምራል።

ሙሉ ተውኔት ይነበብ አላልሁም። አንድ ትዕይንት፣ ቢበዛ 8 ገጽ። የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ይመቻል፤ ቋንቋው የሰው አፍ ነው፤ የተማረ የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ላግባ ሲል የሚነሳው ጠብም ለማንም ተማሪ እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ በለሆሳስ ይነበባል። ቀጥሎ ሚና ተከፋፍለው፣ ተቀምጠው፣ ጮክ ብለው። ሦስተኛው ንባብ ቆሞ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ተማሪ ከየንግግሩ ጎን በእርሳስ አንድ ግስ ይጽፋል። ገጸ ባሕርይው በዚህ ቃል ሌላውን ምን ሊያደርገው ነው? ይለምነዋል፣ ያስፈራራዋል፣ ይሸነግለዋል፣ ያዘናጋዋል። «ይነግረዋል» ብሎ የጻፈ ይደግማል። በቅንፍ የተቀመጠውን የመድረክ መመሪያ የሚያነብም አንድ ሰው ይመደብ። ተማሪ ቅንፍ ሲያይ ይዘልላል፤ ከዘለለ ደግሞ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ይጠፋበትና ቀጣዩ ቀልድ አይገባውም።

ይህ የሁለት ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው። ወደ አዳራሹ ሲሄድ እንግዲህ የሚጠብቀው ነገር አለው፦ እኔ «ይለምነዋል» ያልሁትን ተዋናዩ ምን አደረገው? ያለዚህ ግን፣ በተለይ የእኛ አካባቢ ተማሪ፣ እንደ አዲስ አበባ ልጅ ቴአትር በቅርቡ ስለማያገኝ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው።

ተቃዋሚ

ባዶ እጁን! የወሎ ልጅ?

በገና ዕለት ላሊበላ ላይ ቤዛ ኩሉ የሚባለው ዝማሬ ሲዜም ካህናቱ ከፊሉ ማሜ ጋራ ላይ፣ ከፊሉ ከታች ቤተ ማርያም ቅጽር ውስጥ ሆነው ይቀባበላሉ። ከብቦ የቆመው ሰው ዐይኑን መቼ ወደ ላይ፣ መቼ ወደ ታች እንደሚወስድ ማንም አላስተማረውም። መንዙማ እየሰማ ያደገ ልጅ መሪው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ተቀባዩ መቼ እንደሚገባ፣ ድቤው መቼ እንደሚያርፍ ያውቃል። ላሊበሎች የሚባሉት እያዜሙ የሚለምኑ ሰዎች ጎሕ ሲቀድ ደጅ ቆመው፣ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው እያስገቡ ሲያዜሙ፣ ምጽዋቱ ሲዘገይ ውዳሴው ወደ ነቀፌታ ሲዞር የሰማ ሰው፣ ተመልካች ጨዋታን እንዴት እንደሚለውጥ ከመጽሐፍ አይማረውም። ይህን ጆሮ ይዞ የመጣውን ነው፣ እኅቴ፣ ባዶ እጁን የሚሉት?

እርሳሱን አልጠላሁም። ነገር ግን ቀድሞ ያነበበ ተማሪ አዳራሽ ውስጥ ምን ሲሠራ እንደሚያመሽ ከመድረክ ሆነን እናያለን። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ይህን ዘለለ» እያለ ለጓደኛው ያንሾካሹካል። ፈታኝ ሆኖ ነው የመጣው። ቀልዱ ሳይደርስ ይስቃል፣ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ተዋናዩም በዝምታው ደንግጦ ይቸኩላል።

ደጋፊ

ወንድሜ፣ ስለ እርሳሱ አንድ ቃል፣ ስለ ወሎ ልጅ ክብር አንድ ሙሉ አንቀጽ ጻፉ። ወሎን ከእኔ የሚጠብቅ ጠበቃ እንደቆመ አላወቅሁም ነበር።

ቤዛ ኩሉን የሚያዜመው ካህን ሌላ ሰው ሆኖ አይደለም የቆመው። ራሱን ነው፤ የሚያዜመውም ለተመልካች አይደለም። መንዙማውም ውዳሴና ዱዓ ነው። ቴአትር የሚጀምረው አንድ ሰው «አሁን እኔ እኔ አይደለሁም» ሲል፣ ተመልካቹም እያወቀ እሺ ሲለው ነው። ተማሪው የሚያንሰው ይህ ውል ነው። ለዚህ ነው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተረጎመው «ኦቴሎ» ባል ሚስቱን ሲገድል አዳራሹ በሳቅ ሊፈነዳ የሚችለው። እስቲ ካህኑን «ተዋናይ ነህ» ይበሉትና የሚመልስልዎን ያስነብቡን።

ተቃዋሚ

ሳቁን ካነሱ ስለ ሳቁ እንነጋገር፤ በወረቀት አይድንምና። ወጣት ተመልካች በግድያና በፍቅር ትዕይንት የሚስቀው ውል ስለማያውቅ ሳይሆን አፍሮ ነው። ወንድና ሴት መድረክ ላይ ሲነካኩ 200 የክፍል ጓደኛ አብሮት እያየ ነው። አንዱ ከጀመረ ሌላው ይከተላል፤ መብራት በርቶ እርስ በርስ ከተያዩማ ያበቃለታል። ተመልካቹ የተቀመጠበት ይጨልም፤ 200ውን በአንድ ምሽት ማጎር ቀርቶ በአራት ይከፈል። ሳቁ ከመጣም ተዋናዩ በላዩ አይናገርበት፣ እስኪበርድ ይጠብቅ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዲህ ይሁን። የመማሪያ ክፍል፣ 50 ተማሪ፣ ሁለት ተዋናይ፣ 5 ደቂቃ የምትፈጅ ትዕይንት። 20ው ፊት ለፊት፣ 15ቱ በቀኝ፣ 15ቱ በግራ ይቀመጡ። አንዴ ይታይ። ከዚያ ቦታ ይቀያየሩና ያው ትዕይንት በሌላ አዘገጃጀት ይደገም፤ ቆሞ የተናገረው አሁን ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት የነበረው ጀርባውን ሰጥቶ። ቃሉ አንድ ነው። «ምን ተለወጠ?» ብቻ ይጠየቁ። «ወደዳችሁት?» አይባልም፤ አዎ ወይም አይ ተብሎ ወሬው እዚያው ያልቃል። በግራ የተቀመጠው የተዋናይቱን ፊት ሳያይ ቀርቶ ከሆነ፣ የአዘጋጅ ሥራ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ያለ ወረቀት ይገባዋል።

መብራቱን ችላ አይበሉት። የክፍሉ ፍሎረሰንት ወይ ሁሉም ይበራል ወይ ሁሉም ይጠፋል፤ ፊትን ያገረጣል። ሁለት መብራት ከፊት በግራና በቀኝ፣ ወደ ተዋናዩ 45 ዲግሪ ግድም እንዲያዘቀዝቁ ከተሰቀሉ ይበቃሉ። ዝቅ ካሉ ጥላው ግድግዳው ላይ ይጨፍራል፤ አናቱ ላይ ከሆኑ ዐይኑ ጉድጓድ ይሆናል። ኮረንቲ ሲጠፋ ጄኔሬተር በመስኮት ሥር አይነሳ፣ ቃለ ተውኔቱን ይውጠዋል። ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ገልጦ በቀን ብርሃን መሥራት ይሻላል።

ይህን ሁሉ የሚያየው እንግዲህ ያው «ባዶ እጁን» ያሉት ልጅ ነው።

ደጋፊ

አሁንም እጁን አልለቀቁትም።

«ቃሉ አንድ ነው» አሉ። አንድ መሆኑን ተማሪው በምን ያውቃል? ተዋናዩ በሁለተኛው ዙር አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያጥፍ፣ የመጣውን ለውጥ ለአዘገጃጀቱ ይሰጠዋል። ወይ ወረቀቱን ይሰጡታል፣ ያኔ ወደ እኔ መጡ፤ ወይ «እመነኝ» ይሉታል።

ግጥም ተውኔትስ? የጸጋዬን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ሳያነብ የሰማ ተማሪ፣ ተዋናዩ ቤት መምቻው ላይ ሁሉ እያረፈ ቢያነበንበው ድክመቱ የደራሲው ይመስለዋል። ስንኙን ገጽ ላይ ያየ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል። ለዚህ መልስ እጠብቃለሁ።

ተቃዋሚ

ወረቀቱ ይሰጠው፤ በኋላ። ትዕይንቱ ሁለተኛ ከታየ በኋላ። ወረቀት በቀደመ ቁጥር ምን እንደሚከተል እናውቃለን፦ ፈተና። «ተውኔቱ ስንት ገቢር አለው? ብሔራዊ ቴአትር መቼ ተከፈተ?» በ1948 ዓ.ም፤ ተሸምድዷል። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ ሕንፃ የተከፈተበትን ዓመት ያውቃል፤ እዚሁ ደሴ ከኋላ ረድፍ ሲቀመጥ የተዋናዩ ድምፅ ለምን እንዳልደረሰው ግን አያውቅም።

ደጋፊ

ፈተና ማን አነሳ? እኔ ያልሁት እርሳስ ነው። የግጥሙም መልስ መንገድ ላይ ቀረ።

ይሁን፣ ወደ ምዘና ከገቡ «ምን ተለወጠ?» ተብሎ ለ200 ተማሪ ውጤት እንዴት እንደሚሞላ ይንገሩኝ። እኔ የማርመው ይህን ነው፦ አንድ ገጽ ስለ አንድ ቅጽበት። ታሪክ መተረክ ክልክል። ያየውና የሰማው በ5 መስመር፣ ከዚያ ያን ማን እንደሠራው፣ ደራሲው ይሁን አዘጋጁ፣ ተዋናዩ ይሁን የመብራት ባለሙያው፣ ከጽሑፉ እየጠቀሰ። ፍርዱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ማስረጃ ከሌለው ዜሮ። የተገለበጠ ሥራ ወዲያው ይታወቃል፤ ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ አልተቀመጠምና።

ተቃዋሚ

ወንበሩን ከእኔ ነው የወሰዱት። አብሽሩ፣ ዋጋ አልጠይቅም። የወንበሩን ቁጥር ገጹ አናት ላይ ያስጽፉ፤ ቦታ ሲቀያየሩም ለየወንበሩ አንድ አንድ፣ ሁለት ገጽ ይጻፉ። «ባዶ እጁን» የምትለዋን ግን ያንሷት።

ደጋፊ

አላነሳትም። የ200 ተማሪ ሁለት ሁለት ገጽ ደግሞ 400 ገጽ ነው፤ አራሚዋ እኔ ነኝ። አንድ ገጽ፣ የወንበሩ ቁጥር አናቱ ላይ፣ ግሱ በእርሳስ የተጻፈበት ትዕይንት ከኋላው ተያይዞ።