ለሌባው ስምንት፣ ለኢንሹራንሱ አምስት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኪራይ እሰበስባለሁ፣ መብራት እከፍላለሁ፣ ባለቤቱ ሐጂ ሲቆጡ አንገቴን እደፋለሁ።

አምና አንድ የኢንሹራንስ ወኪል መጣና «ካሜራ ቢኖርዎት አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፍሉት፣ ሊቀንስ ይችላል» ብሏቸው ሄደ። ሐጂ የሰሙት «ይቀንሳል» የሚለውን ብቻ ነው። በሳምንቱ ሕንፃው ላይ ስምንት ካሜራ ተሰቀለ።

እውነቱን ለመናገር አምስት ነው። ሦስቱ ባዶ ቀፎ ናቸው። በባትሪ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት ብቻ አለቻቸው። የገጠመልን ልጅ «ሌባ ቀፎና ካሜራ አይለይም» ብሎ ሐጂን አሳመናቸው።

የኢንሹራንሱን ቅጽ የምሞላው ደግሞ እኔ ነኝ። ካሜራ አለ ወይ፣ ስንት ነው ይላል። ሐጂ «ስምንት በል» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ቅጽ ላይ የዋሹት ነገር ክፉ ቀን ሲመጣ ነው የሚወጣው። አለ ያሉት ካሜራ ከሌለ ወይም ካልሠራ ካሳው ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ተጨቃጨቅን፣ ሻይ ጠጣን፣ ተስማማን። ለሌባው ስምንት፣ ለኢንሹራንሱ አምስት።

ቀጥሎ የኢንሹራንስ ኩባንያው ኢንጂነር መጣ። ካሜራዎቹን አንዴ ቀና ብሎ አየና ምድር ቤት ወረደ። እዚያው ቀረ። የኤሌክትሪክ መስመሩን ነካካ። እሳት ማጥፊያው መቼ እንደተሞላ ጠየቀ። የስፖንጅ ፍራሽ የሚያከማቸውን ተከራያችንን እንደ ጠላት አየው። ለካ የሕንፃ አረቦን ትልቁ ድርሻ የእሳት ነው። ካሜራ ደግሞ እሳት ሲነሳ ቆሞ ያያል እንጂ ውሃ አይረጭም። እሱ የሚያግዘው በስርቆቱ በኩል ነው፤ ያውም ኩባንያው ከፈቀደ። ፈቀደ። ቅናሹን ለሐጂ ስነግራቸው «ይሄ የገመዱ ዋጋ ነው የምስማሩ?» አሉኝ።

(በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ካሜራ የነበረውም ያልነበረውም ተዘርፏል፤ ካሜራውም አብሮ ሄዷል። ተራው ፖሊሲ (የኢንሹራንሱ ውል) ጦርነትን አይሸፍንም። ያን ጊዜ ያየ ነጋዴ በቀይ መብራት አይጽናናም። ወደ ወጋችን እንመለስ።)

ካሜራዎቹ የደሴን ክረምት አያውቁትም። የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቀው የበሩ ካሜራ የሚያሳየን ነጭ ጋቢ ነው። ሌሊት ሌሊት ሸረሪት መስታወቱ ላይ ታደራለች፤ ስክሪኑ ላይ በግ አክላ ትታያለች። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ዲቪአሩ (ምስሉን የሚቀርጸው ሳጥን) ቀኑን ይረሳና እንደ ፈረንጅ ጃንዋሪ 1፣ 2000 ይላል።

ሰኔ ላይ የውሃ ፓምፓችን ተሰረቀ። በደሴ ውሃ ፓምፕ የተሰረቀበት ሕንፃ ምን እንደሚሆን የአራተኛ ፎቅ ተከራዮች ይንገሯችሁ። ሐጂ ግን ፊታቸው በርቷል። «አብሽር፣ ይሄኔ ነው ካሜራ!» አሉ።

የኢንሹራንሱ ሰው መጣ። ሐጂ፣ እኔና ዘበኛችን አብረነው ስክሪኑ ፊት ተቀመጥን። መጀመሪያ ያየው ቀኑን ነው። ጃንዋሪ 1፣ 2000 በእኛ ታኅሣሥ 22፣ 1992 ነው። ፖሊሲውን ገለጥ አድርጎ «በዚህ ቀን ደንበኛችን አልነበሩም» አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ስክሪኑ ላይ አንድ ልጅ በዋናው በር ገባ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ጎን ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ዘበኛችን በርጩማቸው ላይ ናቸው። ካሜራው ድምፅ የለውም፤ ወሎ ለተወለደ ሰው ድምፅ አያስፈልገውም። ዘበኛው ብድግ አሉ። በሁለት እጃቸው ጨበጡት። በርጩማቸውን ለቀቁለት። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አይሆንም» አለ። ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። አቦል ጠጣ። ቶና ጠጣ። ከዚያ ምድር ቤት ወርዶ ትንሽ ቆየና ፓምፑን ታቅፎ ብቅ አለ። ዘበኛው ወደሱ ሮጡ።

«ያዘው!» አሉ ሐጂ ስክሪኑን።

አልያዙትም። አሸከሙት። ባጃጁ ድረስም ሸኙት።

«ሊጠገን ነው አለኛ» አሉ ዘበኛው። «ፓምፑ ከባድ ነው፣ ልጁ ደግሞ ቀጭን። ዝም ብዬ ልየው?»

የኢንሹራንሱ ሰው ብዕሩን ዘጋ። የስርቆት ፖሊሲያችን የሚከፍለው ሌባው ሰብሮ ወይም በኃይል ሲገባ ነው። «የተሰበረ ቁልፍ አለ? የተፈነቀለ በር?»

«ልጄ» አሉ ሐጂ፣ «በሞቴ ግቡ እየተባለ በር የሚሰብር ማነው?»

እውነታቸውን ነው። ያንን አንቀጽ የጻፈው ሰው ወሎ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። እዚህ በር መስበር የሚያስፈልገው ለመግባት አይደለም፤ ሳይበሉ ሳይጠጡ ለመውጣት ነው። ካሜራ ባይኖር ቢያንስ እንከራከር ነበር። አሁን ግን በገዛ ገንዘባችን ገዝተን፣ በገዛ ግድግዳችን ሰቅለን፣ አለመሰበሩን ራሳችን አስመሰከርን። ያውም በአምስት ካሜራ። ሦስቱ ቀፎዎች ብቻ ናቸው አፋቸውን የያዙልን።

የልጁን ፎቶ አሳትመን አንዱን ለፖሊስ ሰጠን፣ አንዱን በሩ ላይ ለጠፍን። አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ «የማን ልጅ ነው?» ይላል። ቡና የምታፈላልን ሴትዮም እጇን በነጠላዋ እየጠረገች መጣች። ብዙ አየችው።

«በረካውን ሳይጠጣ የሄደው!» አለች።

«እኔም ያኔ ነው የጠረጠርኩት» አሉ ዘበኛችን።