ስብርባሪውን ልጆች አይጥረጉት
ስለ አሜሪካው የትምህርት ቤቶች አስቤስቶስ ሕግ የጻፋችሁትን አነበብኩ። አስቤስቶስ ድሮ ከሲሚንቶ ክዳን ጋር ይደባለቅ የነበረ ክር መሰል ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ይህ ሕግ አስቤስቶስ የተገኘባቸው ትምህርት ቤቶች በየ3 ዓመቱ እንደገና እንዲመረመሩ ያዛል። እኔን የነካኝ ግን ስለ አስቤስቶሱ ለወላጆች በየዓመቱ ይነገር የሚለው ነው። እዚህ ድሬዳዋ ልጄ የሚማርበት ግቢ ውስጥ ግራጫ የሲሚንቶ ክዳን ያለው የድሮ ክፍል አለ። አምና ሲጠገን ስብርባሪውን በደረቁ የጠረጉት ልጆቹ ናቸው! አስቤስቶስ ይኑረው አይኑረው የመረመረ የለም። እንዲህ ያለ ክዳን ካልተነካ ብዙም አያሰጋም። ሲሰበር፣ ሲበሳ ነው ጉዱ። ብናኙ በዓይን አይታይም፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ በሽታው ከ20 እና 30 ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ይህን ጥገና ማን ያስታውሰዋል? ዘንድሮ ክረምት ሌላውን ክፍል ሊነኩት ነው ይባላል። እባካችሁ ወላጆች፣ መዶሻው ሳይነሳ በፊት ተመርምሯል ወይ ብለን አብረን እንጠይቅ።