እርማት፦ የማስፈልፈያ አሳ የዱሩን ሳልመን አይተካም

"ሳልመን ቢያልቅ እንቁላሉን ፈልፍሎ ወንዝ መልቀቅ ነው" ያልከው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው ወንድሜ፣ ግን ልክ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ባለው ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ከመቶ አመት በላይ ይሄንኑ ሲሰሩ ነው የኖሩት፣ በየአመቱ በብዙ ሚሊዮን ይለቃሉ፣ ከዱሩ ግን ብዙው ዘር ዛሬም በህግ ጥበቃ ስር ነው። ምክንያቱም ገንዳ ያሳደገው አሳ የለመደው የገንዳ ኑሮ ነው፣ ወንዝ ገብቶ ሲራባ ብዙ ጊዜ የሚተርፉለት ልጆች ያነሱ ናቸው፣ ከዱሩ ጋር ሲዳቀል ደግሞ ድክመቱን ያወርሰዋል። ዋሽንግተን ስቴት ሆናችሁ የምታጠምዱ ታውቁታላችሁ፣ አብዛኛው የማስፈልፈያ አሳ ጀርባው ላይ ጭራው አካባቢ ያለችው ትንሽ ክንፍ ተቆርጣ ነው የሚለቀቀው፣ ክንፏ ካለች የዱር ሊሆን ስለሚችል ብዙ ቦታ መልሰህ መልቀቅ ነው (ዝም ብሎ የወጣ ህግ መሰላችሁ?)። አላስካ ብሪስቶል ቤይ ደግሞ ሊራባ በወንዙ ወደላይ የሚያልፈውን ሳልመን እየቆጠሩ ነው ማጥመድ የሚከፍቱትና የሚዘጉት፣ በ2022 ወደ 79 ሚሊዮን ሶካይ (አንዱ የሳልመን አይነት) ተመልሷል፣ የዱር ነው ሁሉም።