ኪቱ ምን አጠፋ?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ ባለሙያ፣ በጤና ኬላ በትንሽ የመመርመሪያ ኪት የሚሠራው ፈጣን የወባ ምርመራ «ውሸታም ስለሆነ» ይቅር፣ ትኩሳት ያለው ሁሉ ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ይላክ ሲሉ ሰማሁ። አወያዩም «ልክ ነዎት» ብሎ አለፈ።

«ማይክሮስኮፕ አይዋሽም» አሉ ደግሞ። ጥሩ፤ የሚያነበውስ ሰው? የደም ናሙና የተቀባበት ስላይድ የተከመረበት፣ መብራት ሲጠፋ ወደ መስኮት የሚጠጋ ባለሙያ ስንቱ እንደሚያመልጠው ላብራቶሪ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የአማራ ክልሏ ሊቦ ከምከም ወረዳ ተረሳች እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2005 በሽታው ካላዛር፣ ማለትም በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ሌላ ገዳይ በሽታ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ሰው ሲያልቅ የነበረው «መድኃኒት የተላመደ ወባ» እየተባለ ነው። ያኔ ማይክሮስኮፕ ጠፍቶ ነው? የጣት ደም የሚፈተሽበት የካላዛር ኪት በየጤና ጣቢያው ቢኖር ኖሮ ስንቱ በተረፈ!

«ይላክ» ማለት ስቱዲዮ ውስጥ ቀላል ነው። ወባው የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። በእግር ሄዶ፣ ወረፋ ይዞ፣ ውጤቱ ነገ ነው ተብሎ፣ ማደሪያ ፈልጎ? አይሄድም! ከሱቅም ከመድኃኒት ቤትም ያገኘውን ኪኒን ውጦ ማሳው ውስጥ ይውላል። ሕፃን ልጅ ያዘለችው እናትስ? ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ሕመም ሊሸጋገር ይችላል። ጤና ኬላ ግን ጣት ተወግቶ፣ አንድ ጠብታ ደም ተንጠባጥቦ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ መልሱ ይታወቃል። መድኃኒቱም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ይሄን ሁሉ ሕዝብ በየትኛው ማይክሮስኮፕ ሊያዩት ነው?

ኪቱ አንዳንዴ ይስታል፣ እሺ። አብዛኛው ኪት የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን ነው፤ የወባው ጥገኛ ተሕዋስ ያንን ፕሮቲን የሚሠራበትን ጂን ሲጥል ወባ ይዞት «ኔጌቲቭ» ተብሎ የሚሸኝ ሰው አለ። በአማራም፣ በትግራይም፣ በጋምቤላም ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን ግልጽ ነው፦ በዚህ ምክንያት የሚያመልጠው ከ5 በመቶ ካለፈ ኪቱን በሌላ ዓይነት ቀይሩ። ቀይሩ እንጂ ጣሉ አላለም። ፒኤልዲኤች የተባለውን ሌላ የተሕዋሱን ፕሮቲን የሚፈልግ ኪት አለ፤ ቀሪው የግዥና የማከፋፈል ሥራ ነው። ባለሙያው ስለ ግዥው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የሚያስቆጣኝም ይሄው ነው፤ የመጋዘኑን ጥፋት በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ ላይ መለጠፍ።