ከነንፍጡ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከሕንፃችን ሥር ባለችው የጀበና ቡና መሸጫ የተነሣው ክርክር እስካሁን ይከነክነኛል። ነገሩን የጀመረችው አንዲት እናት ናት። ልጇ አራተኛ ክፍል ነው። አምና ትምህርት ቤት መሄጃው ሲደርስ «ሆዴን አመመኝ» የማይልበት ቀን አልነበረም፤ ዘንድሮ ሳይቀሰቅሱት ተነሥቶ፣ ቦርሳውን አንግቦ በር ላይ ይጠብቃታል። የተለወጠው ነገር መምህርቷ ብቻ ናት። «ደብተሩን ገልጬ ሳይ በቀይ እስክሪብቶ ‹ትናንት ሦስት፣ ዛሬ አምስት አገኘህ። ስድስተኛውን አብረን እንሠራዋለን› ብላ ጽፋለታለች» አለችን። ገጹን በስልኳ አንሥታው ስለነበር ተቀባብለን አየነው። የተሳሳተውን ማካፈል የኤክስ ምልክት አድርጋ ብቻ አልተወችውም፤ ከጎኑ ሦስት ትንንሽ የብርቱካን ክምሮች ሥላለታለች።

የመኪና መለዋወጫ የሚነግደው ጎረቤታችን ሲኒውን አስቀምጦ ሳቀ። ይህ ሰው ስለ ማንኛውም ነገር ሲያወራ ከዋጋው ነው የሚነሣው። ለሁለት ልጆቹ በወር የሚከፍለውን እስከ መጨረሻው ብር ቆጠረልንና ቀጠለ፦ «ይህን ሁሉ የምከፍለው ልጆቼን እንዲወዱልኝ አይደለም፤ እንዲያስተምሩልኝ ነው። የሚገባው ልጅ ማንም ቢያስተምረው ይገባዋል። ሰነፉን ‹ጎበዝ› ባልከው ቁጥር ይብስበታል። እኛ በአርጩሜ ተምረን ምን ሆንን?»

ምን እንደሆነማ ራሱ ነግሮናል። ክረምት ላይ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠው የሒሳብ መምህሩን ዱላ ፈርቶ መሆኑን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጫውቶናል። በሰው ፊት ላሳፍረው ስላልፈለግሁ ቅዳሜ ዕለት ዝም አልኩ።

የቡና ሻጯ እናት ግን ዝም አላሉም። ቡናውን እየቆሉ «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» አሉ። ነጋዴው «እማማ፣ መምህር እኮ ንፍጥ ጠራጊ አይደለም» ቢላቸው ምጣዱን ከእሳቱ አወረዱት። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ዩኔስኮ በሸለመው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን አዝለው ይማሩ ነበር። ልጁ ሲያለቅስ አስተማሪው፣ ገና ጢም ያላበቀለ ወጣት፣ ከጀርባቸው ይቀበላቸውና በራሱ መሐረብ አፍንጫውን ይጠርገዋል፤ ከዚያ በአንድ ክንዱ ታቅፎት፣ በሌላው እጁ ጠመኔውን ይዞ ይቀጥላል። «ሁለት ቀን ብቀር ቤቴ ድረስ መጥቶ ‹መ ላይ ደርሰሽ እንዴት ታቆሚያለሽ?› አለኝ። እኔን ማንም ‹ደርሰሻል› ብሎኝ አያውቅም ነበር» አሉ። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው የምለው ያንን ልጅ አይቼ ነው።»

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ያጠናችው የአራተኛ ፎቅ ልጅ ደግሞ «ጋሼ፣ ይህ እኮ በጥናት ተፈትሿል» አለችው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ሮበርት ሮዘንታል የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር፣ ሌኖር ጃኮብሰን ከተባለች ርእሰ መምህርት ጋር ሆኖ፣ በካሊፎርኒያ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆችን ፈተነ። ለመምህራኑም ከአምስት ልጆች አንዱ ያህል በዓመቱ ውስጥ ፈጥኖ እንደሚሻሻል ነግሮ ስማቸውን ሰጣቸው። ስሞቹ ግን የወጡት በዕጣ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሲፈተኑ እነዚያ ልጆች፣ በተለይ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያሉት፣ ከጓደኞቻቸው በልጠው ተገኙ። የውጤቱ መጠን ምሁራንን ሲያከራክር መኖሩንም አልደበቀችም። ነጋዴው የያዘው ይህችኑ ብቻ ነው፦ «ይኸው፣ እነሱም አልተስማሙም! ደግሞስ የአሜሪካ ልጅና የእኛ ልጅ አንድ ነው?»

«የአሜሪካ ልጅ ንፍጥ የለውም?» አሉት እማማ። መልስ አልነበረውም።

መልስ ሲያጣ ቁጥር መዘዘ። በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4። «ማቆላመጥ ያመጣው ይህንን ነው» አለ። እንዴት ያለ ድምዳሜ ነው! የትኛው ልጅ ነው የተቆላመጠው? ከእነዚያ ልጆች መካከል አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለስም ጥሪ ካልሆነ በቀር ስሙን መምህር ጠርቶት የማያውቅ ስንቱ ነው? መጽሐፍ ማጣቱ፣ የክፍሉ መጨናነቅ፣ የመምህሩ ራሱ ሥልጠና ማነስ ሁሉም አለበት፤ አልክድም። የፍቅር መብዛት ግን የዚህ አገር የትምህርት በሽታ ሆኖ አያውቅም።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ፕላዝማ በመጣበት በ1997 ዓ.ም. ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ፣ ከመካከላችን ማንም ሳይመልስ፣ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። ያ «በጣም ጥሩ» የማንም አልነበረም። የፊዚክስ መምህራችን ግን ከስርጭቱ የተረፈችውን ጥቂት ደቂቃ ይዞ ከኋላ ወንበር የምቀመጠውን እኔን ጠራኝ። «በሩን ማጠፊያው አጠገብ ግፋው። አሁን ደግሞ እጀታው ጋ ግፋው። ምን ለየው?» አለኝ። እየተንተባተብኩ የመለስኩትን፣ ቃሌን ሳይለውጥ ሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ ከሥሩም ቀመሩን አሰፈረ። ከዚያን ቀን ወዲህ በር በገፋሁ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ማለት ለእኔ ይህ ነው፦ የተንተባተበውን መልስ እንደ መልስ መቀበል።

እኛ ግን እንዲህ ያለውን ሰው ምን አደረግነው? ሽማግሌ ልኮ ልጅ ሲጠይቅ «እንግዲህ መምህር ነው» ብለን ከንፈር መጠጥንበት። ከተማው እንዲህ ወደ ሜዳው ከተስፋፋ ወዲህ ሰው የሚለካው በካሬ ሜትር ሆኗል። አንድ መሬት ያሻሻጠ ደላላ ሲመጣ ወንበር እንለቃለን፤ ሰማንያ ደብተር አርሞ ያደረ መምህር በታክሲ ሰልፍ ላይ ሲገፋ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ወር አያደርሰውም፤ ስለዚህ ማታ ማታ በየሰው ቤት እየዞረ ያስጠናል። ጠዋት ድምፁ ዘግቶ ሲገባ ደግሞ «የድሮ መምህር ቀረ» እንላለን። የድሮ ወላጅስ አልቀረም? ልጁን ይዞ ሄዶ «አደራ» የሚለው ወላጅ የት ሄደ? ዛሬ የሚላከው የባንክ ደረሰኝ ነው።

ነጋዴው ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሣ «የትንሹ ልጅህ መምህር ስማቸው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ትንሽ አሰበ። «እናቱ ታውቀዋለች» አለኝና ወደ መኪናው ሄደ።